የሠራተኛውን ደመወዝ ያሰላው ሊቅ፦ የአልጀብራ አባት አል ኸዋሪዝሚ

አገር ቤት ያለ ልጃችሁ በስልክ የሚያማርርበት የሒሳብ ትምህርት፣ ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ እየመረጠ የሚያቀርብላችሁ አልጎሪዝምና በየወሩ መጨረሻ የምትቆጥሩት ዲናር በአንድ ሰው ስም ይገናኛሉ። ሰውዬው ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል ኸዋሪዝሚ ይባላል። ከ1200 ዓመት ገደማ በፊት ባግዳድ ውስጥ ኖሯል። አልጀብራን በመጽሐፍ አደራጅቶ ለዓለም ያስተማረው እሱ ነው። መጽሐፉን ለሚገልጥ ሰው ግን መጀመሪያ የሚገርመው ውስጡ ያሉት ጥያቄዎች ናቸው። ወር ሳይሞላው ሥራ ላቆመ ሠራተኛ ስንት ይከፈለዋል? እናት ሞታ የተወችው ንብረት ለባልና ለልጆች እንዴት ይከፋፈላል? ክብ መሬት እንዴት ይለካል?

በ2014 ዓ.ም. በአገራችን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያ ውጤት የሁሉም ትምህርቶች ድምር ቢሆንም፣ ብዙ ተማሪ ገና ዘጠነኛ ክፍል ላይ ተስፋ የሚቆርጥበት ትምህርት ሒሳብ መሆኑን የማያውቅ ወላጅ የለም። ለልጆቿ ትምህርት ብላ ባሕር ተሻግራ ለምትሠራ እናት ወይም እህት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ የዚህን ጥንታዊ መምህር ሕይወትና የማስተማር ዘዴ እናካፍላችሁ።

ከኸዋሪዝም እስከ ባግዳድ

አል ኸዋሪዝሚ የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ780 ገደማ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ስሙ ኸዋሪዝሜው እንደማለት ነው። እኛ ሰውን በትውልድ አገሩ ጎንደሬው፣ ወሎዬው እንደምንለው መሆኑ ነው። ኸዋሪዝም ከአራል ባሕር በስተደቡብ የሚገኝ አገር ሲሆን፣ ዛሬ በኡዝቤኪስታንና በቱርክሜኒስታን መካከል ተከፍሏል።

ሥራውን የሠራው ግን ባግዳድ ነው። ባግዳድ በ762 በጤግሮስ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች፣ በዚያ ዘመን ከዓለም ታላላቅ ከተሞች አንዷ የነበረች ናት። ከባስራ የሚነሱ መርከቦች ዛሬ ከሻርቅ ዳርቻ በምናየው በዚሁ ባሕረ ሰላጤ አልፈው እስከ ሕንድና ቻይና ይነግዱ ነበር። በመርከቦቹ ላይ ቅመምና ሐር ብቻ ሳይሆን መጻሕፍትም ይጫኑ ነበር።

በ813 ኸሊፋ የሆነው አል መእሙን እውቀት ወዳድ ገዥ ነበር። በይት አል ሒክማ ወይም የጥበብ ቤት በሚባለው ስፍራ ሊቃውንትን ሰብስቦ የግሪክ፣ የፋርስና የሕንድ መጻሕፍትን ወደ ዓረብኛ አስተረጎመ። አል ኸዋሪዝሚ ከእነዚህ ሊቃውንት አንዱ ሆነ። የከዋክብትን እንቅስቃሴ የሚያሳዩ ሰንጠረዦች አዘጋጀ። ስለ ምድር አቀማመጥም ከ2400 በላይ ቦታዎችን የሚዘረዝር መጽሐፍ ጻፈ። የዚህ መጽሐፍ ጥንታዊ ቅጂ ዛሬ ፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ ይገኛል፤ በውስጡም ከተራሮች ተነስቶ እስከ ባሕር የሚወርደው የናይል ወንዝ ካርታ ተስሏል። የእኛ ዓባይ የሚገባበት ወንዝ በዚያ ዘመን ባግዳድ ውስጥ ይጠና ነበር ማለት ነው።

ያለ ኤክስ የተጻፈ አልጀብራ

ስሙን ለዘመናት ያኖረው ግን በ820ዎቹ አካባቢ የጻፈው የሒሳብ መጽሐፍ ነው። በመግቢያው እንደሚያስረዳው፣ ኸሊፋው ያበረታታው ከስሌት ሁሉ ቀላልና ጠቃሚ የሆነውን መርጦ አጭር መጽሐፍ እንዲያዘጋጅ ነበር። ሰዎች በውርስና በኑዛዜ፣ በንብረት ክፍፍል፣ በክርክርና በንግድ፣ መሬት ሲለኩና ቦይ ሲቆፍሩ የሚያስፈልጋቸውን ስሌት ማለት ነው። የመጽሐፉ አንባቢ ዳኛው፣ ነጋዴው፣ ገበሬውና ወራሹ ነበሩ።

ዛሬ ተማሪን የሚያስፈራው ኤክስና ዋይ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የለም። ሁሉም ነገር በቃላት ነው የተጻፈው፤ ቁጥሮቹ እንኳ በፊደል ተጽፈዋል። ያልታወቀውን ቁጥር አል ኸዋሪዝሚ የሚጠራው ሸይእ ብሎ ነው። ነገር ማለት ነው። በእኛ አማርኛ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ቃል አለን፤ ስሙ የጠፋብንን ሁሉ እንትን እንላለን። እንትን ላይ አምስት ብንጨምር አሥራ ሁለት ቢሆን፣ እንትን ስንት ነው? ይህንን የአራተኛ ክፍል ልጅም ይመልሰዋል። ኤክስ የሚባለውም ይኸው እንትን ነው።

አልጀብራ የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ መጽሐፍ ርዕስ ውስጥ ካለው አል ጀብር ከሚል ቃል ነው። ጀብር የተሰበረን ወይም የጎደለን መጠገን፣ ወደ ቦታው መመለስ ነው። ቃሉ ለአጥንት ጥገናም ያገለግላል፤ በስፔን አገር ለብዙ ዘመን ወጌሻ አልጀብሪስታ ይባል ነበር። ሁለተኛው ቃል ሙቃበላ ሲሆን፣ ፊት ለፊት አቁሞ ማነጻጸር ማለት ነው።

ነገሩን በፖስታ እንየው። እኩል ገንዘብ የያዙ የታሸጉ ፖስታዎች አሉ። በአንድ በኩል 5 ፖስታዎች ተቀምጠው ከእነሱ ላይ 12 ዲናር ተወስዷል። በሌላ በኩል 3 ፖስታዎችና 18 ዲናር አሉ። ሁለቱ ወገኖች እኩል ናቸው። መጀመሪያ ወጌሻውን እንጥራ፤ የጎደለውን 12 ዲናር ወደ ቦታው እንመልስ። እኩልነቱ እንዳይበላሽ በሌላው በኩልም 12 እንጨምር። አሁን 5 ፖስታ ከ3 ፖስታና ከ30 ዲናር ጋር እኩል ሆነ። ይህ ጀብር ነው። ቀጥለን ከሁለቱም በኩል ሦስት ሦስት ፖስታ እናንሳ። 2 ፖስታ ከ30 ዲናር ጋር እኩል ይሆናል። ይህ ሙቃበላ ነው። ስለዚህ በአንዱ ፖስታ ውስጥ ያለው 15 ዲናር ነው። ከዚህ የሚከብዱትም ጥያቄዎች ቢሆኑ በእነዚሁ ሁለት እርምጃዎች ነው መፈታት የሚጀምሩት።

የስድስት ቀን ሠራተኛ

ስለ ንግድ በሚናገረው ክፍል አል ኸዋሪዝሚ በሰዎች መካከል የሚደረግ ልውውጥ ሁሉ በአራት ቁጥሮች እንደሚሽከረከር ያስረዳል። ሦስቱ ይታወቃሉ፤ አራተኛው ይፈለጋል። ከምሳሌዎቹ አንዱ የተቀጣሪ ሠራተኛ ነው። በወር 10 ዲርሃም የሚከፈለው ሰው 6 ቀን ብቻ ቢሠራ ስንት ያገኛል? ስድስት ቀን የወሩ አንድ አምስተኛ ነው፤ ስለዚህ ክፍያውም የ10 ዲርሃም አንድ አምስተኛ፣ ማለትም 2 ዲርሃም ይሆናል።

ይህ ስሌት ዛሬም ኩዌት ውስጥ ይሠራል። ደመወዝ በወር 90 ዲናር ቢሆን፣ በ30 ቀን ሲካፈል የአንድ ቀን ዋጋ 3 ዲናር ነው። ወሩ አጋማሽ ላይ ሥራ ጀምራ 10 ቀን የሠራች 30 ዲናር፣ 17 ቀን የሠራች 51 ዲናር ይደርሳታል። በ2015 የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 ደግሞ ኮንትራቷን ለጨረሰች ሠራተኛ ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ የአገልግሎት ክፍያ ይሰጣል። በዚሁ ደመወዝ ሁለት ዓመት የሠራች 180 ዲናር ትጠብቃለች ማለት ነው። ይህን በራሷ የምታሰላ ሴት የሚሰጣትን ገንዘብ ስትቀበል ትክክል መሆኑን ታውቃለች። ጎደለ ብላ ስትጠይቅም ቁጥሩን ይዛ ነው።

ልጃችሁ የሬሾንና የፕሮፖርሽንን ትምህርት ሲጀምር የመጽሐፉን ልምምድ ከመፍታቱ በፊት ይህንን የእናቱን ደመወዝ እንዲያሰላ ብታደርጉት ትምህርቱ ከቤቱ ኑሮ ጋር ይገናኝለታል። ባግዳድ ውስጥም የተደረገው ይኸው ነበር።

ጥጉ የጎደለ ወለል

አል ኸዋሪዝሚ መልሱን ነግሮ ብቻ አያልፍም፤ ለምን እንደዚያ እንደሆነ በሥዕል ያሳያል። ዛሬ ኳድራቲክ ኢኩዌሽን እየተባለ በሁለተኛ ደረጃ የሚሰጠውን ትምህርት ተማሪዎች በአብዛኛው ፎርሙላ ሸምድደው ያልፉታል። እሱ ግን ካሬ ስሎ አስተማረው። በጣም የታወቀው ምሳሌ፣ አንድ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ፣ በላዩ ላይ የዚያው ቁጥር 10 እጥፍ ሲጨመር 39 ከሆነ ቁጥሩ ስንት ነው የሚለው ነው።

የምትወለውሉትን የሴራሚክ ወለል አስቡ። አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ወለል አለ፤ ጎኑ ስንት ሴራሚክ እንደሆነ አናውቅም። አሥሩን እጥፍ ለሁለት ከፍለን አምስት አምስት እናድርገው። ከዚያ በወለሉ በስተቀኝ 5 ሴራሚክ ስፋት ያለው ቅጥያ፣ ከታችም እንዲሁ 5 ሴራሚክ ስፋት ያለው ቅጥያ እናንጥፍ። እስካሁን የተነጠፈው ሁሉ 39 ነው። ቅርጹን ብታዩት ግን አንድ ጥግ ባዶ ቀርቷል። የዚያ ጥግ ስፋት 5 በ5፣ ማለትም 25 ሴራሚክ ነው። ጥጉን ስንሞላው ጠቅላላው 64 ይሆናል፤ ወለሉም ሙሉ ካሬ ይሆናል። 64 ደግሞ 8 በ8 ነው። ከ8 ላይ የጨመርነውን 5 ስንቀንስ 3 ይቀራል። መልሱ 3 ነው። ለማረጋገጥ 3 በ3 ዘጠኝ፣ የ3 አሥር እጥፍ ሠላሳ፣ በድምሩ 39።

ይህን አንድ ጊዜ በወረቀት ወይም በጠጠር የሠራ ተማሪ ፎርሙላው ከየት እንደመጣ ያውቃል። ፎርሙላው ቢጠፋው እንኳ ሥዕሉን ስሎ ይመልሰዋል።

ስለ ልኬት በሚናገረው ክፍልም የክብን ዙሪያ ለማግኘት መካከሉን የሚያቋርጠውን ርዝመት በ3 እና አንድ ሰባተኛ ማባዛት እንደሚበቃ ያስተምራል። የእንጀራ ምጣድ ከዳር እስከ ዳር 56 ሳንቲሜትር ቢሆን ዙሪያው 176 ሳንቲሜትር ይሆናል። ልጁ ክር በምጣዱ ዙሪያ ጠምጥሞ ቢለካው ስሌቱ እውነት መሆኑን በገዛ እጁ ያያል።

የእናት ኑዛዜ

የመጽሐፉ ግማሽ ያህል የሚናገረው ስለ ውርስና ኑዛዜ ነው። ከምሳሌዎቹ በአንዱ አንዲት ሴት ባሏን፣ አንድ ወንድና ሦስት ሴቶች ልጆቿን ትታ ትሞታለች። ለአንድ ባዳ ሰውም የንብረቷን አንድ ስምንተኛና አንድ ሰባተኛ ተናዛለች። በእስልምና የውርስ ሕግ መሠረት ኑዛዜው ከወጣ በኋላ ባል ከቀሪው ሩቡን ይወስዳል፤ ወንዱ ልጅ ደግሞ የሴቷን እጥፍ ያገኛል። ንብረቱ ስንት ቦታ ቢከፈል ነው ሁሉም ያለ ሽርፍራፊ ድርሻውን የሚያገኘው?

አል ኸዋሪዝሚ 1120 ቦታ ይከፍለዋል። ባዳው 300፣ ባል 205፣ ወንዱ ልጅ 246፣ እያንዳንዷ ሴት ልጅ 123 ይደርሳቸዋል። ሲደመር ልክ 1120 ይመጣል። ክፍልፋይ መደመርና የጋራ አካፋይ መፈለግ ለብዙ ተማሪ አሰልቺ ነው። እዚህ ላይ ግን ስሌቱ ከተሳሳተ ከአምስቱ ወራሾች አንዱ ይበደላል። ተማሪው ተጠንቅቆ የሚያሰላው ለዚህ ነው።

ከግዕዝ ቁጥር እስከ ሻርቅ ሱቆች

አል ኸዋሪዝሚ ሌላም ትልቅ ሥራ አለው። ከሕንድ የመጡትን ዘጠኝ ቁጥሮችና ዜሮን እንዴት ለስሌት መጠቀም እንደሚቻል የሚያስተምር መጽሐፍ ጽፏል። የዚህን ጥቅም ለመረዳት የራሳችንን የግዕዝ ቁጥር ማየት ይበቃል። ፩ እና ፲፣ ፪ እና ፳ የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ለእያንዳንዱ አሥር የራሱ ምልክት አለው፤ ዜሮ ግን የለም። ዓመት ለመጻፍና ምዕራፍ ለመቁጠር ያምራል፤ ፫፻፵፮ን በ፳፯ በወረቀት ላይ ለማባዛት ግን መከራ ነው። በሕንድ ዘዴ አንድ ምልክት በቆመበት ቦታ ምክንያት አምስት፣ አምሳ ወይም አምስት መቶ ይሆናል። ባዶውን ቦታ ዜሮ ይጠብቅለታል።

ሻርቅ ውስጥ በሱቅ ዋጋ ላይ የምታዩዋቸው ቁጥሮችም የዚሁ የሕንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ዓረቦቹ ራሳቸው የሕንድ ቁጥሮች ይሏቸዋል። አዲስ የመጣች ሠራተኛ ክቧን ምልክት አይታ ዜሮ ትላለች። ክቧ ግን አምስት ናት፤ ዜሮ ትንሿ ነጥብ ናት። ይህንን አለማወቅ ገበያ ላይ ያስከፍላል።

የቁጥሮቹ መጽሐፍ በ12ኛው መቶ ዘመን ወደ ላቲን ተተረጎመ። የአልጀብራው መጽሐፍም በ1145 ስፔን ውስጥ በሰጎቪያ ከተማ የቼስተሩ ሮበርት በሚባል እንግሊዛዊ ተተርጉሟል። የአውሮፓ ተማሪዎች የጸሐፊውን ስም በአፋቸው አልጎሪዝሚ እያሉ ሲጠሩት፣ ቀስ በቀስ ስሙ ደረጃ በደረጃ የሚከናወን ስሌት መጠሪያ ሆነ። ዛሬ ስልካችሁ የትኛውን ቪዲዮ እንደሚያሳያችሁ የሚወስነው አልጎሪዝም የሚጠራው በዚህ ሰው ስም ነው።

አል ኸዋሪዝሚ በ850 ገደማ አረፈ። በ1983 ሶቪየት ኅብረት የተወለደበትን 1200ኛ ዓመት በፖስታ ቴምብር አክብራለች፤ በጥንታዊው የኸዋሪዝም ምድር በምትገኘው በኺቫ ከተማም ሐውልት ቆሞለታል።

የሉል ጠላቂዎች ሰፈር

የሻርቅ ሰፈር ነዳጅ ከመገኘቱ በፊት የመርከበኞችና የሉል ጠላቂዎች መኖሪያ ነበር። ጠላቂው ወደ ባሕር ከመውጣቱ በፊት ለቤተሰቡ ቀለብ ብድር ይወስዳል። የተገኘው ሉል ከተሸጠ በኋላ ወጪው ተቀንሶ ገንዘቡ በድርሻ ይከፋፈላል። ባሕር ውስጥ የሚጠልቀው ገመድ ከሚስበው የበለጠ ድርሻ አለው። የመርከቡ አዛዥ ሒሳቡን በመዝገብ ይጽፋል። መዝገቡን አንብቦ ማስላት የማይችል ጠላቂ ዕዳው ማለቁንና አለማለቁን የሚያውቀው ሌላ ሰው ሲነግረው ብቻ ነበር። በ1911 የኩዌት ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው የመጀመሪያውን ዘመናዊ ትምህርት ቤት፣ ሙባረኪያን ሲከፍቱ ከሃይማኖት ትምህርት ጎን ሒሳብ እንዲሰጥ ያደረጉት ሒሳብ የማያውቅ ሰው ንግዱን እንደማይመራ ስላወቁ ነው።

የአል ኸዋሪዝሚ አስተማሪነት ሦስት ነገሮችን ያሳየናል። ጥያቄው ተማሪው ከሚያውቀው ኑሮ ይነሳል። ስሌቱ መጀመሪያ በተራ ቋንቋ ይነገራል፤ ምልክቱ በኋላ ይመጣል። ለምን የሚለው ደግሞ በዓይን በሚታይ ሥዕል ይመለሳል። ለዚህ ኮምፒዩተርም ውድ አስጠኚም አያስፈልግም። በኢሞ ወይም በዋትስአፕ የሚላክ አጭር የድምፅ መልእክት ይበቃል። እናንተ ትምህርታችሁን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጣችሁ ብትሆኑ እንኳ ጥያቄውን መጠየቅና ልጁ መልሱን እንዲያስረዳችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። ለእናቱ በአማርኛ ያስረዳውን ስሌት ተማሪ በቀላሉ አይረሳውም። አንድ ቀን ባይገባው ተስፋ አይቁረጥ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አል ኸዋሪዝሚ ደጋግሞ የሚጠይቀው አንድ ዓይነት ጥያቄ አለ፤ ልክ እንደ እኛ እንቆቅልሽ ነው። 10ን ለሁለት ክፈል፤ ሁለቱ ክፍሎች ሲባዙ 21 ይምጣ። መልሱ 3 እና 7 ነው። ዛሬ ማታ ስትደውሉ ለልጃችሁ ይህንን አቅርቡለት። ከመለሰ፣ ሲባዙ 24 የሚመጡትን ይፈልግ። ያንንም ካገኘ፣ ሲባዙ 30 የሚመጡ ሁለት ክፍሎች ይኖሩ እንደሆነ ጠይቁትና ምክንያቱን እንዲነግራችሁ አድርጉ። ካቃተው እንደ ልጅነታችሁ አገር ስጠኝ በሉት።